ክቡር ሊወጣ ነው እና ሦስተኛው ማዞሪያ

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዕቃ ጠግኛለሁ። ሬዲዮ በሉ፣ ካውያ በሉ፣ የጊታር ማጉያ በሉ፣ እጄ ያልገባበት የለም። ተበላሽቶ መጥቶልኝ የማያውቀው አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ነው፤ ገና ያልወጣው። ያልወጣ ዕቃ አይቃጠልም፣ ገመዱ አይበጠስም፣ ድምፁ አይንኮሻኮሽም። እንከን የለውም፤ ያለው ጠበቃ ነው። የትም ሰፈር ብትሄዱ ደግሞ ያን ጠበቃ አታጡትም። ከወጣው ዕቃ ሁሉ ያልወጣውን አብልጦ የሚያውቅ፣ ያላየውን በሚሊሜትር የሚለካ አንድ ሰው አለ።

የእኛ ሰፈር ክቡር ሊወጣ ነው ናቸው። ስሙንም የፌዝ አንቱታውንም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ቢያንስ አንድ ነገር ወጣላቸው።

ክቡርነታቸው በሙያቸው ቆጣሪ አንባቢ ናቸው። ከቤት ቤት እየዞሩ የመብራት ቆጣሪውን ቁጥር ይወስዱና በምትኩ ወሬ ትተው ይሄዳሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በሠራተኞች ክበብ ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወቱ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ማጉያቸውን አመጡልኝ፤ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ነው። በሁለት ቀን ሠራሁት። ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አለ።

«ኧረ ዕቃህን ውሰድ» እላቸዋለሁ፣ ቆጣሪ ሊያነቡ በመጡ ቁጥር።

«ምን ያደርግልኛል? ትንሹ ሊወጣ ነው።»

ትንሹ ማለት አንድ ስመ ጥር ፋብሪካ በድብቅ እየሠራው ነው የሚባል፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል የጊታር ማጉያ ነው። ፋብሪካው ራሱ ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ለክቡርነታቸው ትልቁ ማስረጃም ይኸው ነው። «ባይኖርማ ኖሮ ‹የለም› ይሉ ነበር» ይላሉ።

«ለመሆኑ ከማን ሰማህ?»

«ከውስጥ።»

ከምን ውስጥ እንደሆነ ተናግረው አያውቁም።

ክብደቱ በየሳምንቱ ይቀንሳል። ሰኞ አራት ኪሎ ነበር፣ ሐሙስ ሦስት ተኩል ሆነ፣ በማግስቱ ከሦስት በታች ወረደ። በዚህ አያያዙ የወጣ ቀን በገመድ ካልታሰረ በመስኮት ይበርራል ብዬ ሰጋሁ። የሚወጣበት ቀንም አለው፤ ቀኑ ሲያልፍ ግን አያፍሩም። «ሆን ብለው ነው ያዘገዩት፤ ወሬው ሾልኮባቸዋል» ይላሉ። ያሾለኩት ራሳቸው ስለሆኑ ጥፋቱን በከፊል ይቀበላሉ።

የሁሉ ቁንጮ ግን ማዞሪያዎቹ ናቸው። ሦስት ናቸው። አንደኛው ድምፁን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ያቀጥናል፣ ያወፍራል። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ክቡርነታቸው በሩን ዞር ብለው ያያሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ሦስተኛው ምን እንደሚሠራ አልተገለጸም።»

ከጎኔ ልብስ ሰፊ አለች። አንድ ጊዜ አዲስ የስፌት መኪና ልትገዛ ስትነሣ፣ «ቆይ እንጂ፣ ድምፅ የሌለው ሊወጣ ነው» አሏት። አመነቻቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ በአሮጌዋ ስትንገጫገጭ ከረመች። ዛሬ ቆጣሪዋን ራሷ አንብባ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ በሯ ላይ ትለጥፍላቸዋለች፤ እንዳይገቡባት ነው። እኔ ወረቀት አልለጥፍም። ለምሳ ልዘጋ ቁልፍ ይዤ ቆሜ እንኳ ሲቀጥሉ «እሱስ ይወጣል፤ አንተ መቼ ነው የምትወጣው?» ብዬ በግልጽ እጠይቃለሁ። «አሁን» ይሉና ወንበር ይስባሉ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልካቸውን እንደ ንስሐ መስቀል በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ።

«ሾልኮ ወጣ» አሉ። «ፎቶው።»

አየሁት። ጨለም ያለ፣ ጠርዙ ደብዛዛ ፎቶ ነው። በሰሌዳው ላይ ሦስት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ሣጥን አለ። ከጎኑ ብሎን የሞላባት የሻይ ብርጭቆ ቆማለች። ሣጥኑን የያዘ አውራ ጣትም ይታያል፤ ጥፍሩ ለሁለት የተሰነጠቀ።

ሣጥኑ የእኔ ነው። ለራሴ መሞከሪያ ይሆነኛል ብዬ ከአሮጌ ሬዲዮ ቀፎ የጀመርኩትና የተውኩት ነገር ነው። ትራንስፎርመሩ ይበቃው እንደሆነ ልጠይቅ ለአንድ የሙያ ጓደኛዬ ፎቶ ልኬለት ነበር። እሱ ለሌላ ላከ፣ ሌላውም ለሌላ፤ እንዲህ አገር ለአገር ዞሮ በክቡርነታቸው እጅ ወደ ሱቄ ተመለሰ። ሦስተኛው ቀዳዳ የሬዲዮው ጣቢያ መፈለጊያ የነበረበት ነው።

«ብርጭቆዋን አየሃት?» አሉኝ። «ለመጠን ማነጻጸሪያ ናት። ትልልቅ ፋብሪካ እንዲህ ነው የሚሠራው።»

ብርጭቆዋ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከክርናቸው አንድ ስንዝር ርቃ ቆማለች። ቀስ ብዬ ከሬዲዮ ጀርባ ገፋኋት።

«ይህ ደግሞ የዋናው መሐንዲስ አውራ ጣት ነው።»

አውራ ጣቴን ኪሴ ከተትኩት። «የዋናው መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ጥፍሩን እየው። ተራ ሠራተኛ ቢሆን ሐኪም ቤት ይልኩት ነበር። ይሄ ለራሱ እንኳ ጊዜ የሌለው ሰው ነው።»

በሃያ ስድስት ዓመት ያገኘሁት የመጀመሪያ ዕድገት ይህ ነው።

እውነቱን እዚያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም፤ ለደግነት ግን አይደለም። ልብስ ሰፊዋ ባለችበት፣ ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ ዱብ አድርጌ፣ ጣቴን ቀስሬ ላዋርዳቸው ቀን እየመረጥኩ ነበር። ልብስ ሰፊዋም «ከሥራ ቀርቼም ቢሆን አያለሁ» ብላኛለች።

ቀኑን ሳልመርጥ ሌላ ወሬ መጣ። የባንዱ ከበሮ መቺ ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ማጉያ ይዘው ካልመጡ በእሳቸው ቦታ ኪቦርድ ይገባል። ይህን ሲነግሩኝ የሚያዩት እኔን ሳይሆን ቆጣሪውን ነበር።

«ይኸው ያንተ ማጉያ። ዛሬውኑ ውሰድና ግባ» አልኳቸው።

«ይጠብቁ። ትንሹ ሊወጣ ነው» አሉ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳስተው ጻፉት።

በሳምንቱ ሚስታቸው ካውያ ልታሠራ መጣች። መደርደሪያውን ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር አሁንም እዚህ ነው?»

«ባልሽ እኮ አዲሱን እየጠበቀ ነው» አልኳት፣ በፌዝ።

«ወገቡ ነው እንጂ» አለች። «ክበቡ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አርባ ሁለት ደረጃ። ያኔ ይሄንን ተሸክሞ ሲወጣ ወገቡን ያዘው፤ ሁለት ሳምንት ተኛ። ሐኪሙ ከሦስት ኪሎ በላይ እንዳታነሣ ብሎታል።»

«ታዲያ ጓደኞቹ አይሸከሙለትም?»

«እኔም ብዬው ነበር። ‹ጊታሩንም እነሱ ይጫወቱልኛ› አለኝ።» ካውያውን አስቀመጠች። «ቤት ውስጥ ጊታሩን ያለ ማጉያ ነው የሚነካካው። ቀስ ብሎ፣ እኔ እንዳልሰማ። ከእኔ ሰማሁ እንዳትለው።»

ወሬው በየሳምንቱ ኪሎ የሚቀንስበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ «ክቡርነታቸው» ማለት አቃተኝ።

ሣጥኑን ከካርቶን ውስጥ አወጣሁት። ከበሮ መቺው እስከቆረጠው ቅዳሜ የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነበር። ልብስ ሰፊዋን «ቀጠሮው ተሰርዟል» አልኳት፤ አኮረፈች። ከዚያ ቆጣሪ ሊያነብ፣ ወይም አንብቦ የረሳውን ሊያይ በመጣ ቁጥር እየሠራሁ እጠይቀዋለሁ።

«ለመሆኑ ባትሪው ስንት ሰዓት ይሠራል ይባላል?»

«አራት ሰዓት።»

እኔ ለሦስት ሰዓት ነበር ያሰብኩት። እሱ ሲሄድ ተጨማሪ ባትሪ አስገባሁ።

«ቀለሙስ?»

«አረንጓዴ። ጠቆር ያለ፣ የወይራ ቅጠል ዓይነት።»

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ጥቁር ቀብቼ ጨርሼ ነበር። ፋቅሁት። እንዲህ ያለ ቀበጥ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ማዘዙን እንኳ አያውቅም። እጀታው ከላይ ነው አለ፣ ከላይ አደረግሁት። ከሦስት ኪሎ በታች ነው አለ፤ የብረት ክዳኑን በስስ እንጨት ለወጥኩ። ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ በምትመዝንበት ሚዛን ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ መጣ። ኩርፊያዋን ረስታ ከፊቱ የሚወጠረውን ጨርቅ ሰፋችልኝ።

የቀረው ሦስተኛው ማዞሪያ ነበር። ምን እንደሚሠራ ስላልተገለጸ ከምንም ጋር አላገናኘሁትም። ለቀዳዳው መሸፈኛ ብቻ ገጠምኩት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሣጥኑ ጠረጴዛዬ መሃል ተቀምጧል። ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ ቆመ።

«ከየት አገኘኸው?»

«ከውስጥ» አልኩት።

ግድግዳው ላይ የአንድ ደንበኛ ጊታር ተሰቅሎ ነበር፤ አውርጄ ሰጠሁት። ተቀመጠ፣ ሰካ፣ ክሩን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ተጫወተ። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን አቆመች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያወራ የሰማሁት ሰው ለካ ዝም ማለትም ያውቅበታል።

አንደኛውን ማዞሪያ ሞከረ፣ ሁለተኛውን ሞከረ። ሦስተኛውን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ በጣም ቀስ ብሎ አዞረው። ያንኑ ዜማ ደገመው።

«ሰማህ?» አለኝ።

እኔ የኤሌክትሪክ መለኪያዬ፣ ቴስተሩ፣ የማያሳየኝን የማላምን ሰው ነኝ። ማዞሪያው ከእንጨት በቀር የነካው ነገር እንደሌለ በእጄ አውቃለሁ።

«ሰማሁ» አልኩት። «ሞቅ አለ።»

«ነግሬህ ነበር እኮ።»

ተነሣ። እጀታውን ጨበጠና ሊያነሣው ሲል ትንፋሹን ያዘ፤ ወገቡን እያዳመጠ ነው። ወገቡ ምንም አላለም። በአንድ እጁ አነሣው። አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ አድርጎ መዘነው፤ ተነፈሰ።

በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። አውራ ጣቴን ወደ ኪሴ ለመክተት ዘገየሁ።

«ዋናውን መሐንዲስ ስታገኘው አመስግንልኝ» አለ። «ያችን ጥፍሩንም ቅባት ይቀባት በለው።»

ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «የሚቀጥለው ደግሞ አራት ማዞሪያ ነው የሚባለው» አለና፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሊወጣ ነው የተባለውን ትንሽ ማጉያ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ፣ ወገቡን ቀጥ አድርጎ ወጣ።