በንጉሡ ሠ የተጻፈ ሥራ

ትናንት ጧት፣ አገር ምድሩ ነቅቶ ወዲያ ወዲህ በሚልበት ሰዓት፣ ሠናይ ሕልም አየ። ያየውም አዳማ ውስጥ፣ በአንድ የጭነት ማኅበር ቢሮ ኮሪደር ላይ፣ ላፕቶፑን ታቅፎ የቅጥር ፈተና ተራውን ሲጠብቅ ነው። ፈተናው ለወሬ ቀላል ነበር፤ ራሱ የጻፋትን ፕሮግራም ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምሰው ፊት፣ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ማሠራት። ፕሮግራሚቱ የተዘበራረቁ ፋይሎችን በየቦታቸው የምታስቀምጥ ናት፤ ስሟንም «ሥራ» ብሏታል። ታዲያ ከማታ ጀምሮ ስሟን ጽፎ በጠራት ቁጥር ኮምፒዩተሩ «ስራ፦ ትዕዛዙ አልተገኘም» ይለዋል። ሥራ አልተገኘም ለማለትማ ጎረቤት ሞልቶታል፤ ለዚህ ኮምፒዩተር አያስፈልገውም ነበር። ይህንኑ ሲያብሰለስል አንገቱ ዘመም አለ።

በሕልሙም ኮሪደሩ ያው ነበር፤ ወንበሮቹ ግን ሰው ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ደምሰው አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር አዝለው እሹሩሩ ይላሉ። ፕሮግራሚቱ ሥራ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ሰዎችን በስም ትጠራለች። የተገኘ ይቀጠራል፤ ያልተገኘ ግን ዕድሜ ልኩን ሥራ የለውም ተብሏል።

«ሠናይ» ብላ ጠራች።

«አቤት» አለ ሠናይ፣ አፍንጫዋ ሥር ቆሞ።

«አልተገኘም።»

«ይኸው ቆሜ የለም እንዴ?»

«ቆመሃል። መንገዱ ላይ ግን የለህም።»

ለካ በዚያ አገር ሰው በመንገድ አይሄድም፤ መንገዱ ነው ሰውን ቤት ለቤት እየዞረ የሚጎበኘው። መንገዱ በማያውቀው ቤት የሚኖር ሰው ቢጠሩትም የለም። ሠናይ ሮጦ ወጣና መንገዱን አገኘው። መንገዱ ከዘራ የያዘ፣ አስፋልቱ የተላላጠ ሽማግሌ ነበር። ሠናይ ጎንበስ ብሎ፣ አባባ በኔ ቤት በኩል ይለፉልኝ ሲል ለመነ። ሽማግሌው እሺ ብለው ተጠቅልለው ሠናይ ቤት ገቡ፤ ገብተውም እዚያው ቀሩ።

ያን ጊዜ ጉድ ፈላ። ዳቦ ጋጋሪው ተጠርቶ አልተገኘም። ሐኪሙ ተጠርቶ አልተገኘም። አንዲት ሴት ባሏን ጠርታ አጣችው፤ እሷ እንኳ ብዙም አልከፋት። የቀረው ሕዝብ ግን ዱላውን ይዞ መጣ። ሠናይ ላብ በላብ ሆኖ፣ አባባ የድሮውን ቤት ሁሉ እንደያዙ የኔን ቤት መጨረሻው ላይ ይጨምሩት እንጂ ሌላውን አይተዉ ብሎ ንግግሩን አስተካከለ።

«ይህን መጀመሪያ አትልም ነበር?» አሉ ሽማግሌው እየተዘረጉ። «እኔ የነገሩኝን ነው የምሄደው።»

ሠናይ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። ተጠራ፤ ተገኘም። ነገር ግን የመሥራት ፈቃድ የለውም ተባለ። ፈቃድ ሰጪው አንድ አውራ ዶሮ ሲሆን፣ ስለ ብርቱነቱ ምንም አልጠየቀውም፤ በመንቁሩ ግንባሩን ነቆረውና «መሥራት ይችላል» የሚል ጠባሳ አተመበት። ሠናይን አመመው፤ ሆኖም ሥራ ፈላጊ ከዚህ የባሰም ይችላል ብሎ ዋጠው።

«ሰናይ» አለች ሥራ።

«አቤት!»

«አልተገኘም።»

አሁንስ እንባው መጣ። መንገዱም አለ፣ ፈቃዱም አለ፤ ከዚህ በላይ ምን ጎደለኝ ብሎ ጠየቃት።

«ስምህ በየትኛው ሰ ነው?»

«በንጉሡ ሠ።»

«እኔ የጠራሁት በእሳቱ ሰ ነው። ለጆሮህ አንድ ነው፤ ለኛ ግን ሌላ ሰው ነው።» መነጽሯን አወለቀች። «አንተስ ከማታ ጀምሮ በእሳቱ ስ ስትጠራኝ አላደርክም? በንጉሡ ሥ ጽፈህ ፈጥረኸኝ፣ በሌላ ሰው ስም ስትጮህ ማን አቤት ይበልህ?»

ሠናይ አፈረ። እግር ስለሌላት፣ እግሯ ይሆናል ብሎ በገመተው ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቃት። አንጀቷን በላው መሰለኝ፣ ጉሮሮዋን ጠራርጋ በንጉሡ ሠ ረገጥ አድርጋ ጠራችው። ሠናይ ደረቱን ነፋ፤ አቤት ሊል አፉን ከፈተና ነቃ።

ላፕቶፑ ጭኑ ላይ ነው። ጊዜ አላጠፋም፤ ኮምፒዩተሩ የተጠራን ፕሮግራም በሚፈልግባቸው መንገዶች ዝርዝር ላይ፣ ነባሮቹን ሳይነካ፣ የፕሮግራሚቱን ቤት መጨረሻ ላይ ጨመረ፣ የመሥራት ፈቃድ ሰጣት፣ ከዚያም በንጉሡ ሥ ጠራት። ፋይሎቹ ሁሉ እየተግተለተሉ በየቦታቸው ገቡ። በደስታ ሊጮህ ምንም አልቀረው። ቀና ሲል ግን ኮሪደሩ ባዶ ነበር፤ ጸሐፊዋ ወይዘሮ የውብዳር ቢሮውን ለምሳ እየቆለፉ ነው።

ተራዬ ደረሰ እንዴ ብሎ ተነሣ።

«ማን ልበል?» አሉት።

«ሠናይ።»

«ሰናይማ ተቀጠረ። ስንጠራ አንድ ቀጠን ያለ ልጅ አቤት ብሎ ገባ። ላፕቶፕ እንኳ አልያዘም፤ አቶ ደምሰው ግን አቤት ባይነቱን ወደዱለትና ፈተናውን ተዉለት።»

«እኔ እኮ በንጉሡ ሠ ነኝ።»

ወይዘሮ የውብዳር ቁልፉን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከልባቸው አዘኑለት።

«ወንድሜ» አሉት፣ «የጠራንህ በአፍ ነው።»