የፊደል ቋጣሪው አምብሮዝ

ኮምፒውተር ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ የፊደል ቋጣሪ አይጠፋም። የለም ብሎ የሚከራከር ካለ፣ ቋጣሪው እሱ ራሱ ነው። የኛው፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ድሮ ጨርቅ ይሠራበት በነበረው ሕንጻ፣ ክቡርነታቸው አምብሮዝ ኪትሪጅ ናቸው። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ የመረጃ ቴፕ ጫኝ ነኝ፤ ስለ ሰው በማውራት ግን ማንም አይቀድመኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠርተን የምንሸጠው ኮምፒውተር ሆዱ ጠባብ ነው፤ ብዙ ፊደል አይዝም። ሌላውን ፕሮግራም የሚያስተዳድረው ዋናው ፕሮግራም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሉት፣ ትንሽ ከወፈረ ትንሿን ማሽን የገዛ ደንበኛ ለራሱ ሥራ ቦታ አያገኝም። ስለዚህ አምብሮዝ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ እያንዳንዷን ፊደል ይፈትሻሉ። ስትሳሳት ማሽኑ የሚጽፍልህ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "?"። ዲስኩ ቢሞላ "?"። ትእዛዝ ብታበላሽ "?"። ሕንጻው ቢቃጠልም ያው ነው።

አዲሱ ፕሮግራመር ዌንደል አንድ ቀን "የጠየቁት ፋይል አልተገኘም" የሚል መልእክት ይዞ መጣ።

"'የጠየቁት' ምን ይሠራል?" አሉት አምብሮዝ። "ያልጠየቀውን ማን ይፈልግለታል?"

"እሺ፣ 'ፋይል አልተገኘም'።"

"ፋይል ነዋ! ዶሮ ጠፍቶብኛል ብሎ ነው?"

"'አልተገኘም' ብቻ ልበል፣ ሚስተር ኪትሪጅ?"

"አለመገኘቱን እያየው አይደል እንዴ?"

ዌንደል "?"ን ታቅፎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

በኑሯቸውም ያው ናቸው። አለቃችን ሲያገባ ሁላችንም የእንኳን ደስ አለህ ካርዱን በምርቃት ስንሞላው፣ እሳቸው "መልካም" ብለው ፈረሙ። ምኑ ነው መልካም ብንላቸው "ማግባቱን ያውቃል" አሉን።

የዚህ ሁሉ ጦስ የሚያርፈው የደንበኞችን ስልክ በምታነሳው በዶሎረስ ሲልቬራ ላይ ነው። "እመቤት፣ ማሽንሽ ጠየቀኝ፤ ምን ብዬ ልመልስለት?" ሲሏት ትውላለች።

አንድ ሰኞ ከሜይን ግዛት አንዲት አስተማሪ እያለቀሰች ደወለች። አንድ አሮጌ ፋይል ልታጠፋ ብላ፣ ተሳስታ ዲስኩን በሙሉ አጥፋ ብላዋለች። ማሽኑ "?" አላት። እርግጠኛ ነሽ ወይ ማለቱ ነበር። እሷ ግን እንደለመደችው አልገባኝም ያላት መስሏት ትእዛዙን ደገመችለት። እሱም እሺ ብሎ ሙልጭ አደረገው። የተማሪዎቿ የዓመት ውጤት ሄደ።

ዶሎረስ ስልኩን ሳትዘጋ ጠረጴዛ ላይ ትታ፣ ኮቷን ይዛ አምብሮዝ ፊት ተገተረች።

"ስማ አምብሮዝ፣ ወይ ይቺ ማሽን እንደ ሰው ትናገር፣ ወይ እኔ ዛሬውኑ ለቅቄ ቤቴ ልግባ!"

"ቦታ የለም፣ ዶሎረስ።"

"የኔም ሆድ ሞልቷል!"

አምብሮዝ ተነስተው ስልኩን አነሱ። አስተማሪዋን በአንዲት ቃል ይሸኟታል ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ።

"አይዞሽ የኔ ልጅ" አሉ። "ምንም አትንኪ። የጠፋው ማውጫው ነው እንጂ ውጤቶቹ ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ እዚያው ናቸው። አብረን እንለቅማቸዋለን። መጀመሪያ ውሃ ጠጪ። ጠጣሽ? ጎሽ። ስንት ልጆች ነው የምታስተምሪው?"

ወይ ጉድ! ያ ሁሉ ወሬ የት ተቀምጦ ነበር? ምሳቸውን ትተው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ አወሩ። ውጤቱም አንድ በአንድ ተለቅሞ ተገኘ።

ከዚያ ፕሮግራሙ ላይ አቀረቀሩ። ማሽኑ ሲነሳ የዕለቱን ስም እንዲጽፍ ያደረጉት እሳቸው ነበሩ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያሳዩት እሱን ነበር። ቆርጠው ጣሉት። "ሰኞ መሆኑን ሰው አያጣውም" አሉ። በቦታው "ሁሉንም ላጥፋ?" የሚል ገባ።

ዶሎረስ አነበበችው። "'እባክዎ' የታለ?"

"እሱን አንቺ በስልክ በይላቸው።"

ሳቀችና ኮቷን መልሳ ሰቀለች።

በነጋታው ምሳ ላይ ባልደረቦቼ "እስቲ አምብሮዝን አስመስልልን" አሉኝ። የዌንደልንና የዶሮውን ጨዋታ አመጣሁላቸውና በሳቅ ፈነዱ። "አይዞሽ የኔ ልጅ" ላይ ስደርስ ግን ማስመሰሉን ተውኩት። ሾርባዬን መጠጣት ጀመርኩ።