የመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛና ሙሉ ፈቃዳችን

የሰው ልጅ ነፃ ፈቃድ አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር መኖሩ የታወቀ ነው። የሚያሳዝነው እነዚያ ሊቃውንት የኛን መሥሪያ ቤት ሳያውቁ ማለፋቸው ነው። እኛ ጉዳዩን በሦስት ስብሰባ፣ በአንድ የስልክ ጥሪና በአንድ ሰርኩላር ጨርሰነዋል። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ነገሩ ሳይዘነጋ እንደ ወረደ ላስፍረው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ ያልተነገረኝን ቃል ጽፌ አላውቅም፤ ስለዚህ ልታምኑኝ ትችላላችሁ።

የነገሩ ሁሉ መነሻ አንድ ቅጽ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጃችን ሠራተኛው በሙሉ ከየክፍሉ ወጥቶ ግድግዳ በሌለው አንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ እንዲሠራ፣ በየክፍሉ ያለው አሮጌ ዕቃም ተሰብስቦ ለማገዶ እንዲሰጥ አሰቡ። የሠለጠኑ አመራር በመሆናቸው ግን ማስገደድን አይወዱም። «ማንም ሰው እንዳይገደድ!» ብለው ጠረጴዛ እየመቱ አዘዙ። በትዕዛዙ መሠረት፣ «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተመለከተው ሠራተኛ፣ ያለ ማንም አስገዳጅነት፣ በሙሉ ፈቃዴ ክፍሌን ለመልቀቅና አሮጌ ዕቃዬን ለማስወገድ ወስኛለሁ» የሚል ቅጽ ታተመ። ፈርሞ የማይመልስ እንደሚቀጣ የሚገልጽ ማስታወሻም ተያይዞበት ለአርባ አራት ሠራተኞች ታደለ።

አርባ ሦስቱ ከምሳ በፊት ተፈርሞ ተመለሰ። የበሩ ጥበቃ ሳይቀር በሙሉ ፈቃዱ ፈርሞ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ያዘ፤ ሁለት ቀን ሙሉ የግቢው በር ያለ ጥበቃ ዋለ። እኔም ከአርባ ሦስቱ አንዷ ነኝ።

አርባ አራተኛው ቅጽ ባዶውን መጣ። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ቅጽ ነበር። ሁላችንም እትዬ መዝገብ እንላቸዋለን።

እዚህ ላይ ስለ ጠረጴዛው ትንሽ መናገር ግድ ይላል። መዝገብ ቤቱ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ አለ። እንጨቱን ተሸክሞ ገብቶ እዚያው ክፍሉ ውስጥ የሠራው አናጢያችን ነው። ያሠሩት ደግሞ የእትዬ መዝገብ ባለቤት ናቸው፤ የመሥሪያ ቤቱ ጠራዥ ነበሩ። የተበጣጠሱ መዝገቦችን እዚያ ላይ ዘርግተው ሲሰፉና ሲለጥፉ፣ እሳቸው ከወዲያ ሚስታቸው ከወዲህ ሆነው ሃያ ሁለት ዓመት ሠሩ። ከሦስት ዓመት በፊት አረፉ። በቦታቸው ሰው አልተቀጠረም፤ መርፌውን እትዬ መዝገብ አነሱት። ጠረጴዛው ላይ የሙጫ ጣሳ ሲያርፍበት የኖረ ክብ ምልክት አለ። በንብረት መዝገብ ላይ «አሮጌ፣ አንድ» ተብሎ ተመዝግቧል። ሌላ የምለው የለኝም።

ባዶው ቅጽ እንደ ደረሰ የሰው ኃይል ኃላፊው እየሮጠ መዝገብ ቤት ወረደ።

«እትዬ፣ ቅጹ እኮ ባዶ ነው!»

«አዎ። አነበብኩት።»

«አነበቡት?» ኃላፊው ደነገጠ። እስከዚያን ቀን ድረስ ቅጽ ያነበበ ሠራተኛ ገጥሞት አያውቅም።

«በሙሉ ፈቃዴ ይላል። እኔ ደግሞ ብፈልግ ብፈልግ ግማሹንም አጣሁት። ውሸት ልፈርም?»

«በሞቴ እትዬ፣ ፈቃድዎን ማን ጠየቀዎት? ፈቃደኛ ይሁኑ ነው የተባለው!»

«ትዕዛዝ ከሆነ ትዕዛዝ ነው ብላችሁ ጻፉልኝ። ትዕዛዝ ደርሶኛል ብዬ እፈርማለሁ። ፈልጌ ነው ብዬ ግን አልፈርምም።»

«ኧረ ትዕዛዝማ ክልክል ነው! ማንም እንዳይገደድ ታዟል እኮ!»

«እንግዲያው አልተገደድኩም» አሉና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ክሱ በማግሥቱ ተዘጋጀ። «ፈቃደኛ እንዲሆኑ በተሰጣቸው ጥብቅ መመሪያ መሠረት ፈቃደኛ ባለመሆን» ይላል። ጥፋተኛ ከተባሉ ጠረጴዛው ያለ ፊርማቸው ወጥቶ ይፈለጣል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ የሰው ኃይል ኃላፊውና ነገረ ፈጁ ሆነው ተሰበሰቡ፤ እኔ ጥግ ላይ ብዕሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ግን ነገሩ ተበላሸ፤ ነገረ ፈጁ የተማረ ሰው ነውና።

«ሴትዮዋ ነፃ ፈቃድ አላቸው ካልን» አለ፣ «ቅጹ ራሱ በፈቃድ ስለሚል አለመፈረም መብታቸው ነው። ልንቀጣቸው አንችልም።»

«የላቸውም በሏ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«የላቸውም ካልን ደግሞ ያጠፉት ወደው አይደለም ማለት ነው። ልንቀጣቸው አንችልም።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልንቀጣው የምንችለው ሦስተኛ ዓይነት ሰው የለም?»

«እስካሁን አልተፈጠረም ጌታዬ።»

ጉዳዩ ከአቅም በላይ ሲሆን እንደሚደረገው ሁሉ በድምፅ እንዲወሰን ተባለ። የሰው ልጅ ነፃ ፈቃድ አለው የሚሉ እጃቸውን እንዲያወጡ ተጠየቀ። ማንም አላወጣም። የለውም የሚሉ እንዲያወጡ ተጠየቀ። አሁንም ማንም የለም። የሰው ኃይል ኃላፊውና ነገረ ፈጁ ዓይናቸውን ሥራ አስኪያጁ ላይ ተክለው በጽሞና እያሰቡ ነበር። ጥያቄው ለሁለተኛ ጊዜ «አለው የሚሉ» ተብሎ ተነበበ። ልክ በዚህ ጊዜ ሥራ አስኪያጁን ግራ ጆሯቸውን በላቸውና ግራ እጃቸውን ሰደድ አደረጉ። ሁለት ግራ እጆች እንደ ተወርዋሪ ኮከብ ሽቅብ ወጡ።

«ምንድን ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ጣታቸው ጆሯቸው ላይ እንዳለ።

«ድምፃችን ነው ጌታዬ። አስበንበት ነው።»

የሰው ልጅ ነፃ ፈቃድ ያለው መሆኑ በዚህ ሁኔታ፣ ያለ አንዳች ተቃውሞና ድምፀ ተዓቅቦ ተረጋገጠ። እኔም ጻፍኩት።

ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። የበላይ አካል ሳያውቀው ሰው ነፃ ፈቃድ ቢኖረው በኋላ ማን ይጠየቃል? ስልኩን አነሱና ብድግ ብለው ቆሙ፤ ከበላይ ጋር ሲነጋገሩ ተቀምጠው አያውቁም።

«ሃሎ፣ ጌታዬ... ስለ ሰው ልጅ ነበር... አዎ፣ ስለ ጠቅላላው... እኔንም ይጨምራል መሰለኝ... ኧረ በፍጹም፣ እስካሁን አልተጠቀምኩበትም!... እሺ። እሺ ጌታዬ። እንጠብቃለን።»

ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ከዚያ ሰርኩላሩ መጣ። «የሰው ልጅ ከሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነፃ ፈቃድ ያለው መሆኑን እያስታወቅን፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ በሩብ ዓመት ከአሥራ ሁለት ያላነሰ ነፃ ውሳኔ ወስኖ በተዘጋጀው ሠንጠረዥ ሪፖርት እንዲያደርግ እናሳስባለን» ይላል።

አዳራሹ ተረበሸ። ነፃ ውሳኔ የሚባለውን ከዚያ በፊት በእጁ የያዘ ሰው አልነበረም።

«አንቺ ምን ብለሽ ሞላሽ?» አለ አንዱ አጠገቡ የተቀመጠችውን።

«ሻይ ያለ ስኳር ልጠጣ ብዬ ወሰንኩ ብዬ።»

«ያስኬዳል?»

«የሰው ኃይል ኃላፊው ራሱ እንደዚያ ነው የሞላው።»

«በይ አምጪው ልገልብጥ!»

በሩብ ዓመቱ መጨረሻ አርባ ሦስት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት ጊዜ ሻይ ያለ ስኳር ለመጠጣት በነፃነት ወስነው ተገኙ። ከነዚህ አንዱ የሆነው ሾፌራችን ሻይ ጠጥቶ አያውቅም። ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳካ ተብሎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ።

የእትዬ መዝገብ ሪፖርት አንድ መስመር ነበር። «ጠረጴዛዬን አልሰጥም ብዬ ወስኜ ነበር፤ አልተለወጠም።»

ኮሚቴው ለሁለተኛ ጊዜ ተሰበሰበ። በዚህ ጊዜ ነገረ ፈጁ እንኳ ፊቱ በራ። «አገኘነው ጌታዬ! ይህ አንድ ውሳኔ ነው። አሥራ አንድ ይጎድላቸዋል። ስለዚህ የተሰጣቸውን ነፃ ፈቃድ ባለመጠቀም ጥፋተኛ ናቸው።»

«ተመስገን» አሉ ሥራ አስኪያጁ ከልባቸው። ጠረጴዛው ሐሙስ ጠዋት እንዲወጣ ተወሰነ።

ሐሙስ ጠዋት ስንወርድ እትዬ መዝገብ ጠረጴዛውን ወልውለው፣ የሙጫውን ጣሳ መስኮቱ ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው ነበር። አናጢው አራት ተሸካሚዎች ይዞ መጣ። አነሱት። በሩ ጋ ሲደርሱ አልወጣ አለ። በጎኑ አዞሩት፣ አልወጣም። አቆሙት፣ ጣሪያውን ነካ። እግሩን አስቀድመው ሞከሩ፣ ተሸካሚዎቹ ወጡ፤ ጠረጴዛው ቀረ።

«ይህን ማን ነው የሠራው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«እኔ ነኝ» አለ አናጢው።

«በሩን አልለካህም ነበር?»

«ሟቹ ይወጣል አላሉኝም ጌታዬ። መስኮቱ ሥር ይሁንልኝ ነው ያሉኝ። መስኮቱን ለካሁ።»

እትዬ መዝገብ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ አዩ።

«እንግዲያው ተቆርጦ ይውጣ!»

«ምን ገዶኝ» አለ አናጢው። መጋዙን በአንድ እጁ፣ አንድ ወረቀት በሌላ እጁ አወጣ። «የመሥሪያ ቤት ንብረት ስለሆነ፣ ቁረጠው ያለኝ ሰው እዚህ ላይ ስሙን ጽፎ ይፈርምልኝ። በራሴ ውሳኔ አስቆርጫለሁ ነው የሚለው።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ... እኔ እንኳ ሐሳብ ነው ያቀረብኩት። ውሳኔው የኮሚቴው ነው።»

«ኮሚቴው እንዲወጣ አለ እንጂ ስለ መቁረጥ አላነሳም» አለ ነገረ ፈጁ ወደ ኋላ እየሸሸ።

«ሰርኩላሩ ነው» አለ የሰው ኃይል ኃላፊው። «እኛ ምን አደረግን?»

«ሰርኩላሩ ይፈርማል?» አለ አናጢው።

ጫጫታ የሰማው ሠራተኛ ሁሉ ከአዳራሹ ወርዶ ደጃፉ ላይ ተጠቅጥቋል። ነፃ ፈቃዱ በሠንጠረዥ የተረጋገጠ ይህን ያህል ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አይቼ አላውቅም። አናጢው ወረቀቱን ከአንዱ ወደ አንዱ አዞረ። አንዱ መነጽር ረስቷል፣ አንዱ ብዕሩ አልቆበታል፣ ሾፌሩ መኪና ሊያሞቅ ሄዷል።

«ቁጭ በል ወንድሜ» አሉት እትዬ መዝገብ ወንበር እየሳቡለት። «ይህ ጊዜ ይወስዳል።»

«ድምፅ ይሰጥበት!» አሉ ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ፤ ሦስተኛው ስብሰባ በቁም ተጀመረ። ከመዝገቦቹ አቧራ ተነስቶ ነበርና፣ ጥያቄው ከመቅረቡ በፊት ግራ ጆሯቸውን አከኩ። ከውስጥም ከደጃፍም ያለው ግራ እጅ ሁሉ ባንዴ ወጣ።

አናጢው እጆቹን አንድ በአንድ አያቸው። «ይሄ ለይቆረጥ ነው ወይስ ለይቆይ?»

ማንም አላወቀም። ሁሉም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ፤ ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሩ።

«በይ ጻፊዋ! የተወሰነውን ጻፊ!»

ብዕሬ ቃለ ጉባኤው ላይ ቆመ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደምጽፍ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ጠረጴዛውን አየሁት። የጣሳውን ክብ ምልክት አየሁት። ከዚያ፣ «ጠረጴዛው ባለበት እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ ጻፍኩና ሰጠኋቸው።

ሥራ አስኪያጁ በቃለ ጉባኤው ግርጌ ከታተመው «በሙሉ ፈቃዴ» ሥር ሳያነቡ ፈረሙ። እሳቸው የፈረሙበት ነውና ነገረ ፈጁም ሳያነብ ፈረመ፣ የሰው ኃይል ኃላፊውም፣ ከኋላ ያለው ሁሉ እየተጋፋ። መነጽሩም ተገኘ፣ ብዕሩም ጻፈ። በመጨረሻ ወረቀቱ እትዬ መዝገብ እጅ ገባ። እሳቸው አነበቡት። ቀና ብለው አዩኝ። ብዕሬን ከእጄ ወስደው ፈረሙ።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። ቃለ ጉባኤው ፊታቸው ተዘርግቷል።

«ይቆይ ይላል። ማነው ይህን የወሰነው?»

ፊርማቸውን በጣቴ አሳየኋቸው። «እርስዎ ነዎት ጌታዬ።»

«መቼ?»

«ጆሮዎን ሲያኩ።»

ግራ ጆሯቸውን ዳሰስ አደረጉ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ።

«ልክ ነሽ» አሉ። «ቀደም ብዬ አስቤበት ነበር።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ከባድ ጉዳይ ሲመጣ ሥራ አስኪያጃችን ጆሯቸውን ያካሉ፣ ሁሉም እጁን ያወጣል፣ እኔም እጽፋለሁ። መሥሪያ ቤቱ እንደ ዘንድሮ ሥራው ቀንቶት አያውቅም ይባላል። የሩብ ዓመት ሪፖርቴን ግን እንደ ሰው ነው የምሞላው፦ ሻይ ያለ ስኳር፣ አሥራ ሁለት ጊዜ።