ያ ድምፅ የኔ ነው

ሰይጣን አንዳንዴ ያሳዝነኛል። እኛ ላስታ ውስጥ እንስራ ሲሰበር እሱ ነው፤ ባልና ሚስት ሲኮራረፉ እሱ ነው፤ በሬ የሰው ማሳ ሲገባም እሱ ነው። ይህን ሁሉ ሥራ ብቻውን በምን ጊዜው? እኔ ታዲያ ጥፋቴን የማላሸክመው አዝኜለት እንዳይመስላችሁ። ባለሙያ ስለሆንኩ ነው።

ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ሙያዬ ጉሮሮዬ ነው። የሰው ድምፅ አንዴ ከሰማሁ አስመስዬ ለማውጣት ይበቃኛል። እንደ አህያ ሳናፋ የሙጃ ገበያ አህዮች ጭነታቸውን ጥለው ይመጣሉ። ውሸት ካላችሁ አህዮቹን ጠይቁ።

በደርግ ጊዜ ነው። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር አያ ስዩም ስብሰባ ሲጠራ ጉብታው ላይ ወጥቶ ይጮኻል፤ ሸለቆው ተቀብሎ ለየመንደሩ ያደርሳል። በዚያ ጥቅምት ገብሱ ደርሷል፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ስብሰባው ግን አላባራም። ገብሱን በረዶ ቢመታው ዓመቱን ምን ልንበላ ነው? ካድሬ ይመጣል ተብሎ ስብሰባ በተጠራበት ቀን ማለዳ ከቋጥኝ ጀርባ ገባሁና በአያ ስዩም ድምፅ፣ ሳሉ እንኳ ሳይቀር፣ «ስብሰባው ቀርቷል! ሁላችሁም ወደ አጨዳ!» አልኩ። አገሩ ማጭዱን ይዞ ወጣ። ካድሬው ከላሊበላ ሲደርስ ከወይራው ዛፍ በቀር ተሰብሳቢ አላገኘም።

በማግስቱ ተጠየቅን። ሕዝቡ ሁሉ የሰማሁት የአያ ስዩምን ድምፅ ነው ብሎ ማለ። እሱም ራሱን እያከከ፣ «ጮኼ ይሆን እንዴ?» አለ። ካድሬው ሊያሳስረው ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ? ያስነሳኝ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። ያን የመሰለ ሥራዬ በሌላ ሰው ስም ሲጠራ አንጀቴ አልቻለም። ብድግ ብዬ «ያ ድምፅ የኔ ነው!» አልኩ። ማን ይመነኝ? በአያ ስዩም ድምፅ ሚስቱን ጠራኋት። ከጓሮ «አቤት!» ብላ እየሮጠች መጣች።

ያን ጊዜ አመኑ። መምሬ ሊያድኑኝ ፈልገው፣ «ልጄ፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው በል» አሉኝ። ካድሬውም ሳይራራልኝ አልቀረም፤ ሰው የኑሮው ውጤት ነውና የድሮው ሥርዓት እንዲህ አድርጎ ሠራኝ በልና ሂድ አለኝ። ቄስና ካድሬ ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያደረግከው አንተ አይደለህም ነው ነገሩ! እሺ ብል ቤቴ ነበርኩ።

ግን ከቋጥኙ ጀርባ ከኔ በቀር ማንም አልነበረም። ዝም ማለትም እችል ነበር። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሳሉ የት ላይ እንደሚገባ አስቤ ነው የጮኽኩት። «ቅጣቱን አምጡ፤ ሥራዬን ግን አትንኩብኝ» አልኳቸው። አሥራ አምስት ቀን ለእርከን ድንጋይ እንድሸከም ተፈረደብኝ።

በሦስተኛው ቀን በረዶው ወረደ፤ ገብሱ ግን ታጭዶ ተከምሯል። መምሬ እግዜር አተረፈን ብለው አመሰገኑ። ካድሬው የሰፊው ሕዝብ ንቃት ነው ብሎ አስጨበጨበ። እኔም ድንጋዬን አስቀምጬ አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ?

እርከኑ ዛሬም አለ። ከአሸተን ማርያም ስትወርዱ ይታያችኋል፤ አንዲት ድንጋይ አልተነቃነቀችም። ስክበው ሳለሁ መምሬና ካድሬው መጥተው አደነቁ። «ይህን ሁሉ ማን ተሸክሞት መጣ?» አልኳቸው።

«አንተ ነሃ!» አሉ ሁለቱም፣ ሳያመነቱ።