አያቱ እዚህ ያልተፈለፈለች ሳልሞን

የወንዝ ዳር ባለርስቶች ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ኦክቶበር 27፣ ከቀትር በኋላ
ቦታ፦ ከወንዙ አፋፍ ያለው የጸሎት ቤት አዳራሽ

የተገኙ፦ አቶ ቶርሞድ (ሊቀመንበር)፣ ወ/ሮ ጉድቫይግ (የፏፏቴው ሥር ባለርስት)፣ አቶ አስላክ (ለአጥማጆች ጎጆ አከራይ)፣ አቶ ኤንድሬ (ባለርስት፣ ወደ የብስ በገባው የባሕር ክንድ፣ በፊዮርዱ፣ ያለው የሳልሞን እርባታም ተቆጣጣሪ)፣ ሱልፍሪድ (ጸሐፊ)

ያልተገኙ፦ አራት አባላት፤ አደን ላይ ናቸው። ከዘጠኝ አምስት ስለተገኘ ምልዓተ ጉባኤው ለጥቂት ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ስላመለጡት ዓሦች

አቶ ኤንድሬ ባለፈው ማዕበል የእርባታው መረብ መቀደዱን አምነው፣ ሳልሞኖቹ «አመለጡ» መባሉን ግን ተቃውመዋል። ድርጅታቸው «ቦታ ለወጡ» ማለትን እንደሚመርጥ አስረድተዋል። ወ/ሮ ጉድቫይግ፣ «ኤንድሬ፣ ቦታ የለወጠማ በበር ነው የሚወጣው። በቀዳዳ የወጣ ምን ይባላል?» ሲሉ ጠይቀዋል። አቶ ኤንድሬ ጥያቄው ከአጀንዳው ውጪ ነው ብለዋል።

ወ/ሮ ጉድቫይግ በመቀጠል፣ የእርባታው ሳልሞን ለመብላትና ለመወፈር ተመርጦ የተራባ መሆኑን አብራርተዋል። ከወንዙ ሳልሞን ጋር ከተዳቀለ ልጆቹ ቶሎ አድገው የወንዙን ጫጩቶች ምግብ እንደሚሻሙ፣ ባሕር ከወረዱ ግን አብዛኞቹ እንደ ወንዙ ሳልሞን እንቁላል ለመጣል እንደማይመለሱ ገልጸዋል። «የእኛዎቹ ፏፏቴውን መዝለል በደማቸው ነው ያለው። ደሙ ከቀጠነ ማን ሊያስተምራቸው ነው?» ብለዋል። እንቁላል የሚጣለው በዚህ ሳምንት ስለሆነ፣ ጠላቂዎች ነገ ጠዋት ጦር ይዘው ገብተው የእርባታዎቹን እየለዩ እንዲያወጡ ጠይቀዋል።

አቶ አስላክ፣ ጦር የያዘ ጠላቂ ያየ እንግዳ ዳግመኛ እንደማይመጣ አሳስበው፣ ዓሦቹ በነዋሪነት ይመዝገቡ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ትልልቅ መሆናቸውንና አጥማጅ የዘር ሐረግ እንደማይጠይቅም ጠቅሰዋል። በመሃል ዋፍል የተባለው ጣፋጭ ቂጣ ከቡናማ አይብ ጋር ቀርቦ ለጥቂት ጊዜ ሰላም ሆኗል።

አጀንዳ 2፦ ሳልሞን መጤ የሚባለው እስከ መቼ ነው?

ከረጅም ውይይት በኋላ ሊቀመንበሩ፣ መንደሩ ለሰው የሚጠቀምበት ልማድ ለዓሣም እንዲሠራ ሐሳብ አቀረቡ። በልማዱ፣ ሴት አያቱ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ያልተቀበሩ ሰው አርባ ዓመት ቢኖርም መጤ ነው። አቶ ኤንድሬ ዓሣ መቃብር የለውም ብለው ስለተቃወሙ፣ «ያልተቀበሩ» የሚለው «ያልተፈለፈለች» ተብሎ ተሻሻለ።

ውሳኔ፦ ሴት አያቱ በዚህ ወንዝ ያልተፈለፈለች ሳልሞን ሁሉ መጤ ነው፤ ጠላቂዎቹም ነገ ይግቡ። በሦስት ድጋፍ፣ በሁለት ተቃውሞ ጸድቋል።

ወ/ሮ ጉድቫይግ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠርገዋል። ጸሐፊዋም ደስ ብሏታል፤ ይህ ግን አጀንዳ አልነበረም።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

አቶ ኤንድሬ፣ የማኅበሩ ደንብ አባል «የመንደሩ ሰው» መሆን አለበት እንደሚል አስታውሰው፣ ልማዱ አሁን በውሳኔ ከጸደቀ ለአባላትም ይሠራ እንደሆነ ጠየቁ። ማጣራት ተደረገ። የሊቀመንበሩ ሴት አያት በርገን ከተማ፣ የአቶ አስላክ ትሮምሶ ከተማ፣ የራሳቸው የአቶ ኤንድሬ ደግሞ ስዊድን ተቀብረው ተገኙ። የጸሐፊዋ አያት በሕይወት ስላሉ ጉዳዩ በይደር ተይዟል። ከተገኙት መካከል አያታቸው በመንደሩ ተቀብረው ሕጋዊ አባል ሆነው የቀሩት ወ/ሮ ጉድቫይግ ብቻ ናቸው።

ውሳኔ፦ ምልዓተ ጉባኤ ስላልነበረ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ጠላቂዎቹ እንዳይመጡ ተደውሎላቸዋል።

ወ/ሮ ጉድቫይግ፣ ሁሉም ከተሻረ የአያት ነገርም አብሮ ስለተሻረ ምልዓተ ጉባኤው ተመልሷል ሲሉ ተከራክረዋል። ሊቀመንበሩ ክርክሩ ትክክል መሆኑን አምነው፣ በኤፕሪሉ ስብሰባ እንዲታይ መርተውታል። ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ መሆኑን ጸሐፊዋ በግሏ ታምናለች።

ስብሰባው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተዘግቷል።

አባላት ካፖርታቸውን ሲለብሱ ወ/ሮ ጉድቫይግ መስኮቱ ጋ ቆመው ነበር። ከታች ወንዙ ውስጥ፣ ክንፏ በእርባታው መረብ የተላጠ አንዲት ወፍራም ሳልሞን እንቁላል ልትጥል ጠጠሩን በጅራቷ ትቆፍራለች። አጠገቧ የወንዙ ወንድ ሳልሞን ቆሞ ይጠብቃል።

«ጻፊው ልጄ» አሉ፤ «እነሱ ምልዓተ ጉባኤ አላስፈለጋቸውም።»

ሊቀመንበሩ፣ ይህ ከስብሰባው መዘጋት በኋላ የተባለ ስለሆነ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ አዘዋል። የጸሐፊዋ አባልነት ገና ስላልተረጋገጠ ትእዛዙ አልተፈጸመም።