ወደ ኋላ የሚገባው ጄኔራል

ተረት ልንገራችሁ፤ እናንተ «እሺ» እያላችሁ ስሙኝ፣ እኔም አፌ እስኪደርቅ ላውራችሁ። እንስሳት ሁሉ ማዕረግ ይወዱ በነበረበት በዚያ በድሮ ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር በተንጣለለ ሜዳ ላይ እመት እሾሂት የምትባል ጃርት ትኖር ነበር።

እመት እሾሂት ከልጅነቷ ጀምራ የምታውቀው ሥራ አንድ ነው፤ መቆፈር። ክረምት ከበጋ ለፍታ፣ ሦስት ክፍል ያለው፣ ዝናብ የማያስገባ፣ ለሥራ ሥር ማስቀመጫ የሚሆን ጓዳ ሳይቀር ያለው ጉድጓድ ሠራች። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «እጅሽ ይባረክ» ብሏታል። አንድ ቀን ለምሳ የሚሆናትን ፍለጋ ወጣ ብላ ስትመለስ፣ ከጉድጓዷ አፍ ላይ ሁለት የተቆለመሙ ክራንቻዎች ብቅ ብለው አገኘች። ከክራንቻዎቹ በስተኋላ አንድ ከርከሮ ተዘርግቶ ተኝቷል።

«ጌታዬ፣ ቤት ተሳስተዋል መሰለኝ» አለችው በትሕትና።

«አልተሳሳትኩም» አለ ከርከሮው። «አባቶቼ ከሩቅ አገር ተጉዘው እዚህ ሲደርሱ ሜዳው ባዶ ነበር።»

«ታዲያ ጉድጓዱን ማን ቆፈረው?»

ከርከሮው ትንሽ አሰበ። «ተቆፍሮ ነው ያገኘነው» አለ።

የዚህ ከርከሮ ስሙ ክራንቻው ነው። ከርከሮዎች ጉድጓድ መቆፈር አይወዱም፤ መግባት ግን ያውቁበታል። አገባባቸውም የራሳቸው ነው፤ ጭራቸውን አስቀድመው፣ ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ ነው የሚገቡት። ፊታቸው ወደ ውጭ፣ ክራንቻቸው ወደ ጠላት እንዲሆን ብለው ነው። በዚህ በጣም ይኮሩ ነበር፤ ለግልገሎቻቸውም ከምንም በፊት የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። እመት እሾሂትም ከፊት ለፊት ካለ ድንጋይ ሥር ተጠግታ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር የገዛ ቤቷን እያየች ትበሰብስ ጀመር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሜዳው ሥር ጨው ተገኘ። ጨው ካለ ደግሞ ዝሆን ይመጣል። የወንዙ ማዶ ዝሆኖች፣ ፀሐይ እንኳ የምትጠልቀው እኛን አስፈቅዳ ነው የሚሉ ኩሩዎች ነበሩ። ዓይናቸውን በጨው አጥበው «ይህ ሜዳ ድሮም የእኛ ነው፤ ረስተነው ነው እንጂ» እያሉ ተሻገሩ።

ክራንቻው ጄኔራል የተባለው ያን ጊዜ ነው። ጦርነቱ ሦስት ዓመት ፈጀ። ዝሆኖቹ ሰልፋቸውን አሳምረው፣ ጥሩንባቸውን እየነፉ ይመጣሉ፤ ከርከሮዎቹ ከየጉድጓዱ ብቅ ብለው የእግር ጣታቸውን ነክሰው ይመለሳሉ፤ ወደ ኋላ። ዝሆኖቹ «ይህ ጨዋነት የጎደለው ጦርነት ነው» እያሉ ከማነከስ በቀር የሚያደርጉት ጠፋቸው። በመጨረሻ ሣሩን ሁሉ ረግጠው አጠፉ፤ እናት ከርከሮዎችን ከነግልገሎቻቸው በእሾህ አጥር አጎሩ፤ በዚያ አጥር ውስጥ ብዙ ግልገል አለቀ። ይህን ተረት ስናወራ የምንስቀው እዚህ ላይ አይደለም።

በጦርነቱ መካከል ጄኔራል ክራንቻው እየሸሸ መጥቶ ከእመት እሾሂት ድንጋይ ሥር ተወሸቀ። «ጥቂት እሾህ ስጪኝ፤ በዝሆኖቹ መንገድ ላይ ልበትነው። ጦርነቱ ሲያልቅ ጉድጓድሽን እመልስልሻለሁ፤ በክራንቻዬ እምላለሁ» አላት። ነቅላ ሰጠችው።

በማግስቱ ትልቁ ዝሆን መጣ። «ከርከሮዎቹ የተደበቁበትን አሳዪን። ስናሸንፍ ጉድጓድሽን እናስመልስልሻለን፤ በኩንቢያችን እንምላለን» አላት። ጠቆመችው።

እመት እሾሂት ሞኝ አልነበረችም፤ ማንም ቢያሸንፍ ቤቷ እንዲመለስላት ብላ ነው። ያላሰበችው ነገር ቢኖር ሁለቱ እንደሚታረቁ ነው።

ታረቁ። ያሸነፉት ዝሆኖቹ ናቸው፤ ነገር ግን ጣታቸው ሁሉ ስለቆሰለ ሜዳውን ዞሮ የሚያስተዳድርላቸው ፈለጉ። «አብልጦ የነከሰን እሱ ነው፤ እሱ ይሁን» ብለው ጄኔራል ክራንቻውን ጠቅላይ ሚኒስትር አደረጉት። የሰጎን ላባ የተሰካበት ባርኔጣም ሸለሙት። ባርኔጣው ለዝሆን ራስ የተሰፋ ስለነበር እስከ አፍንጫው ዋጠው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጄኔራሉና ትልቁ ዝሆን እጅና ጓንት ሆኑ። «ለካስ የሁለታችንም ጥርስ ወደ ውጭ ነው» እየተባባሉ ይሳሳቁ ጀመር።

የመጀመሪያው ጉባኤ በተጠራ ቀን እመት እሾሂት ከሁሉ ቀድማ ደረሰች።

«ክቡር ጄኔራል፣ ቃልዎን ላስታውስዎ ብዬ ነው» አለች።

ጄኔራሉ ባርኔጣውን ከዓይኑ ላይ ከፍ አደረገ። ክፉ አልነበረም፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ሳቁም ቅርብ ነበር። እሷን ከሁሉ ይበልጥ የሚያናድዳት ይኸው ነው።

«እመት እሾሂት፣ ውለታሽን አልረሳሁም» አለ። «ግን አሁን አገር ሆነናል። አገር ደግሞ የሚተዳደረው በሕግ ነው። ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው፤ የጉድጓድ ባለቤት የሚሆነው ወደ ኋላ መግባት የሚችል ብቻ ነው። ትችያለሽ?»

ትልቁ ዝሆን «እንዴት ያለ ፍትሐዊ ሕግ ነው» ብሎ ጆሮውን አርገበገበ። እሱ ራሱ በፊቱም ሆነ በኋላው ቢገባ የትኛውም ጉድጓድ ስለማይበቃው ነገሩ አልነካውም።

እመት እሾሂት ሞከረች። በጉባኤው ሁሉ ፊት ጀርባዋን ለገዛ ጉድጓዷ ሰጥታ ወደ ኋላ ተራመደች። የጃርት እሾህ ጫፉ ወደ ኋላ ነው፤ ግድግዳው ላይ እየተሰካ ያዛት፣ እስከ ወገቧ እንደገባችም ተቀርቅራ ቀረች። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ።

«አየሽ» አለ ጄኔራሉ በሐዘኔታ፣ «ቤቱ ራሱ አልቀበልሽም አለ።»

በዚያው ቀን ለጃርቶች ሁሉ ከሜዳው ጥግ አንድ ድንጋያማ ቦታ ተሰጣቸው። ድንጋዩ የማይቆፈር በመሆኑ ማንም አይቀማቸውም ተብሎ በጭብጨባ ጸደቀ።

ከጊዜ በኋላ ዝሆኖቹ ከጎሾች ጋር ተጣልተው ጄኔራሉን «ናና ተዋጋልን» አሉት፤ እሺ አለ። የድሮ ጓዱ ሻለቃ ጎፈር «ትናንት ጣታቸውን ስንነክስ የነበርን ዛሬ ጫማቸው ልንሆን ነው?» ብሎ ሸፈተ። ጄኔራሉ አለቀሰ፤ እያለቀሰም ሄዶ ወዳጁን አሳድዶ ያዘውና አሰረው። ከዚያ በኋላ ከርከሮዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ «ጀግና ነው»፣ ግማሹ «ከሐዲ ነው» እያሉ ውለው ያድራሉ። ወደ ድንጋያማው ጥግ ሄዶ እመት እሾሂትን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት የለም።

ጄኔራሉ ከግብዣ ግብዣ እየወፈረ ሄዶ፣ ልቡ ደከመና ሞተ። ሻለቃ ጎፈር ለቀብር ተፈታ፤ እንደ ልጅም አለቀሰ። ምስጦች ተጠርተው ለሟቹ ከነባርኔጣው ትልቅ የአፈር ሐውልት ሠሩለት። ታዲያ ፊቱ ወዴት ይሁን በሚለው ጭቅጭቅ ተነሣ። ደጋፊዎቹ «ወደ ሜዳው ይሁን፤ ወገኑን እየጠበቀ» አሉ። የሻለቃ ጎፈር ሰዎች «ወደ ወንዙ ይሁን፤ ዝሆኖቹን እጅ እየነሣ» አሉ። ምስጦቹ ቢሰለቻቸው አንድ ፊት በዚህ፣ አንድ ፊት በዚያ አበጅተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሁሉም ስለ ፊቱ ሲጨቃጨቅ ሆዱን ያየ አልነበረም። አፈሩ ልስልስና ደረቅ ነበር፤ ለመቆፈር የሚመች። እመት እሾሂት አርጅታለች፤ እጆቿ ግን ሥራቸውን አልረሱም። ከጄኔራሉ ሆድ ሥር ጀምራ፣ ሦስት ክፍል ከነጓዳው ቆፍራ ጨረሰች። ከዚያም እንደ ጃርት ወግ ራሷን አስቀድማ ገባች፤ እሾህዋን ወደ በሩ አድርጋም ጋደም አለች። ደስ አላት። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ጣሪያ ሥር መተኛቷ ነበር።

ረፋዱ ላይ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትርና ሻለቃ ጎፈር ከሐውልቱ ሥር መጡ። ሟቹን አንዱ «ጀግና»፣ ሌላው «ከሐዲ» እያሉ ክራንቻ ለክራንቻ ሊያያዙ ሲሉ ጉድጓዱን አዩት።

«ማን ቆፈረው?» አለ ሻለቃ ጎፈር።

«ተቆፍሮ ነው ያገኘነው» አለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ።

በዚህ ላይ ተስማሙ። ጎን ለጎን ዞሩ፣ ክራንቻቸውን ወደ ወንዙ ቀሰሩ፣ ጭራቸውን አቁመው በኩራት ወደ ኋላ ተንሸራተቱ። ወዲያው የሁለቱም ጩኸት ወንዙን ተሻግሮ ዝሆኖቹን አስደነገጠ። ከጉድጓዱ ተፈናጥረው ሲወጡ መቀመጫቸው ላይ እሾህ ተተክሎ ነበር።

«እዚህ ቤት ውስጥ ሰው አለ እንዴ?» አለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ እያቃሰተ።

«ድሮም ነበረ» አለች እመት እሾሂት ከውስጥ። «እናንተ ዓይናችሁ ዝሆኑ ላይ ተተክሎ ወደ ኋላ ስትገቡ፣ የማን ቤት እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብላችሁ አላያችሁም።»