የኢቴን የዝገት ሚኒስትር

ደጋ አገር የሚኖር ሰው ሁሉ ከአጥሩ ማዶ አንድ ያልተሾመ ሐኪም አያጣም። ብርዱ ቢምርህ እሱ አይምርህም። የኬንያዋ የሯጮች መንደር የኢቴን ክቡር የዝገት ሚኒስትር፣ ትልቅ ትንሹ «ምዜ»፣ አባባ እንደማለት፣ የሚላቸው ሽማግሌው ባርሶሲዮ ናቸው። ማን ሾመዎት ብሎ ለመጠየቅ የደፈረ የለም፤ መልሱ ረጅም ነዋ!

ነገሩ የጀመረው ከናይሮቢ አንድ ተመራማሪ መጥቶ ለሯጮች ንግግር ያደረገ ቀን ነው። ምዜ የገቡት ለሻዩ ነበር። ሰውየው «አየሩ በሳሳበት ከፍታ አጥብቆ የሚሮጥ ሰው ውስጡ እንደ ብረት ይዝጋል፤ ዝገቱን የሚመክቱት ቀለማም አትክልትና ፍራፍሬ ናቸው» አለ። አለቀ! ከዚያ ወዲህ ምዜ ሰላምታ የሚባል ነገር ትተዋል። ያገኙትን ሰው የዓይኑን ቆብ ገለጥ አድርገው ያያሉ፤ «ዝገሃል!» ይላሉ። ፖስተኛው ዝጓል። ቄሱ ዝገዋል። የአውቶቡሱ ሹፌርማ «አንተስ ከነመኪናህ ነው» ተብሏል።

የመከራው ዋና ተካፋይ ጎረቤታቸው ጄሮቲች ነበረች። ለብሔራዊው የአገር አቋራጭ ቡድን በየዓመቱ ትሞክራለች፣ በየዓመቱ ትወድቃለች። ዘንድሮም ካልተሳካላት ሩጫውን ትታ እናቷ ጋ ሻይ ቅጠል ልትለቅም ወስናለች። ምዜ ይህን ስለሚያውቁ ከልምምድ ስትመለስ በወተት የተቀቀለ መራራ ጎመን ይዘው በር ላይ ይጠብቋታል። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትቀበልና ዞር ብላ ለፍየሏ። ፍየሏ በመንደሩ ያልዛገች ብቸኛ ፍጡር ሆነች።

የቫይታሚን ክኒኗን ያዩባት ቀንማ ጉድ ፈላ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ያው የእርስዎ የዝገት መድኃኒት ነው፣ ምዜ። በክኒን መጣ።»

«ዝም በይ! የናይሮቢው ሰውዬ ምን አለ? ዝገቱን ጨርሶ ካጠፋሽው ሰውነትሽ መጠንከር ይረሳል። ትንሽ እሳት ያስፈልገዋል! ጎመን ልኩን ያውቃል፤ ክኒን ልኩን የት ያውቅና!»

«ልኩን ካወቀ ታዲያ ለምን በየቀኑ ይመጣል?»

የቡድኑ ምርጫ ሲቃረብ ምዜ በከሰል በታሸ ቅል ሙርሲክ አረጉ። ሙርሲክ አሸንፎ ለገባ ሯጭ ደጃፍ ላይ የሚቀርብ እርጎ ነው። ለተሸነፈ አይቀዳም፤ ነውር ነው።

ስድስት ሴቶች ተመረጡ። ጄሮቲች ሰባተኛ ወጣች። ወሬውን ሬዲዮ ቀድሟት መንደር አደረሰው። ከአውቶቡስ ወርዳ ማንም ሳያያት በጓሮ በር ልትሾልክ ስትል፣ ምዜ ቅሉን ታቅፈው ቆመዋል።

«ምዜ፣ በማርያም! ተሸንፌያለሁ። ሙርሲክ አይገባኝም።»

«ሙርሲክ ነው ያለሽ ማን ነው?» ብለው ቀዱላት። እርጎው ደም መስሏል፤ ቀይ ሥር ተፍቆ ገብቶበታል። «ቀይ ሙርሲክ አይተሽ ታውቂያለሽ? የዝገት መድኃኒት ነው፤ ጠጪ!»

እጃቸው እስከ ክርናቸው ቀልቷል። ሬዲዮውን ሰምተው ቀይ ሥር ሲፍቁ እንደነበር ገባት፤ ተቀብላ ቀመሰችው። አፈር አፈር ይላል፣ ይጎመዝዛል። ግን ወደ ፍየሏ ዘወር ሳትል ጨለጠችው።

«ሻይ ለቀማው እንግዲህ መቼ ነው?» አሉ ምዜ፣ ዓይኗን ሳያዩ።

ጄሮቲች የቀላ ከንፈሯን ጠረገች። ጠጋ ብላ የዓይናቸውን ቆብ ገለጥ አደረገች።

«ምዜ፣ ዝገዋል» አለቻቸው። «ነገ ከልምምድ ስመለስ ጎመኑን አብረን እንበላለን።»